ከካሪ በኋላ የትኛው የማላይ ጣፋጭ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካሪ ሠርተው እንግዳ የጠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምረን መልሰናል።

የማላይ ጣፋጭ ሲባል ምን ዓይነት ነው?

መሠረቱ አራት ነገር ነው፦ ማላዮች ሳንታን የሚሉት የኮኮናት ወተት፣ ጉላ መላካ የተባለው ጠቆር ያለ የዘንባባ ስኳር፣ ፓንዳን የሚባል መዓዛማ ረጅም ቅጠል፣ አራተኛው ደግሞ ሩዝ፣ ሳጎ (ከዘንባባ ግንድ የሚወጣ ስታርች) ወይም ካሳቫ። ቅቤ፣ ክሬምና ቸኮሌት እምብዛም አይገባበትም። አብዛኛው በእንፋሎት ወይም በድስት ስለሚበስል ኦቨን የሌለው ሰውም ይሠራዋል።

አቀራረቡ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ኩዌ የሚባለው በእጅ የሚበላ፣ በትንንሹ የተቆረጠ ወይም የተድቦለቦለ ነው፤ ከላይ አረንጓዴ ከታች ነጭ የሆነው ሴሪ ሙካና ሲነክሱት በውስጡ የቀለጠው ስኳር አፍ ውስጥ የሚፈነዳው ኦንዴ ኦንዴ ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው በሳህን ቀርቦ በማንኪያ የሚበላ ላላ ያለ ነገር ሲሆን ቡቡር ወይም ፔንጋት ይሉታል። ሦስተኛው እንደ ቼንዶልና አይስ ካቻንግ በተፈጨ በረዶ የሚቀርበው ነው። ብዙዎቹን በመላካና በፔናንግ የሚኖሩት የቻይና ዝርያ ያላቸው ፔራናካኖችም፣ ኢንዶኔዥያውያንም «የኛ ናቸው» ይላሉ፤ ክርክሩን ለእነሱ እንተወው።

ማሌዥያውያን ራሳቸው ከካሪ በኋላ ጣፋጭ ይበላሉ?

በአብዛኛው አይበሉም። በየቤቱ ከምሳና ከራት በኋላ የሚቀርበው ፍራፍሬ ነው፦ ፓፓያ፣ አናናስ፣ ሐብሐብ፣ ወቅቱ ሲደርስ ደግሞ ራምቡታንና ማንጎ። ኩዌ የሚበላው ለቁርስና በአሥር ሰዓት ሻይ ላይ ነው፤ በረመዳን ደግሞ ከቀትር በኋላ በየሰፈሩ ከሚተከለው ገበያ ለማፍጠሪያ ይገዛል። ቼንዶል የቀን ሙቀት ማብረጃ ነው። በፔናንግ ዋና ከተማ በጆርጅ ታውን፣ ኬንግ ክዌ በምትባል ጠባብ መንገድ ዳር ሰው ሳህኑን ይዞ ቆሞ ሲበላው ያያሉ።

ካሪንና ጣፋጭን በአንድ ማዕድ ያገናኘው የቅኝ ግዛት ዘመን ልማድ ነው። በማላያና በሲንጋፖር ይኖሩ የነበሩ እንግሊዞች እሑድ ቀትር ላይ «ካሪ ቲፊን» የሚሉትን ከባድ ምሳ ይበሉ ነበር፤ መሐል ላይ ካሪና ሩዝ፣ ዙሪያውን በትንንሽ ሳህን ኮኮናት፣ ኦቾሎኒ፣ የተከተፈ ሙዝና ቻትኒ። ብዙ ጊዜ የሚያበስሉላቸው ከሃይናን ደሴት የመጡ ቻይናውያን ወጥ ቤቶች ነበሩ። የዚያ ምሳ ማሳረጊያ ሳጎ በጉላ መላካ ነበር፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሥራ መተኛት ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከካሪ በኋላ ምን ላቅርብ ብሎ ለሚጨነቅ ሰው መልሱ ከመቶ ዓመት በፊት ተገኝቷል ማለት ይቻላል።

አንዱን ብቻ ምረጡ ብትባሉስ?

ሳጎ ጉላ መላካ። ቀዝቃዛ ነው፤ ሳጎው ራሱ ጣዕም የለውም ማለት ይቻላልና በቅመም የደከመ ምላስን ያሳርፋል፤ ዋጋውም ቀላል ነው። ከሁሉ በላይ ሦስቱ ነገሮች፣ ማለትም ሳጎው፣ የኮኮናት ወተቱና የስኳር ሽሮፑ፣ ተለያይተው ገበታ ላይ ስለሚቀመጡ እያንዳንዱ እንግዳ በልኩ ያፈሳል። ጣፋጭ የማይወድ ሽሮፑን ይቀንሳል፤ የጠገበ ኮኮናቱን ይተዋል። እንዲህ ሰፊ ምርጫ የሚሰጥ ሌላ የማላይ ጣፋጭ የለም።

እንዴት ነው የሚሠራው?

ለስድስት ሰው 200 ግራም ደቃቅ የሳጎ ፍሬ ይበቃል። ሁለት ሊትር ውሃ በደንብ ይፍላ፤ ሳጎውን ሳያጥቡና ሳይዘፈዝፉ በፈላው ውሃ ላይ እየበተኑ ይጨምሩ። በቀዝቃዛ ውሃ ከጀመሩ ሟሙቶ ሙጫ ይሆናል። ከ10 እስከ 12 ደቂቃ አልፎ አልፎ እያማሰሉ ያብስሉ፤ ፍሬው ጠርቶ መሐሉ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነጥብ ስትቀር እሳቱን አጥፍተው ከድነው 10 ደቂቃ ይተዉት። ከዚያ በደቃቅ ወንፊት ላይ ገልብጠው፣ የሚያጣብቀው ውሃ ታጥቦ እስኪያልቅ ድረስ ቀዝቃዛ ውሃ ያፍስሱበት። ውሃውን አጠንፍፈው ከትንሽ ጨው ጋር ካሹት በኋላ በስድስት ትንንሽ ስኒዎች ሞልተው ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሰዓት ያኑሩት።

ለሽሮፑ 200 ግራም ጉላ መላካ ከትፈው በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ በቀስታ ያቅልጡ፤ የፓንዳን ቅጠል ካለ ቋጥረው ይጨምሩበት። ስኳሩ በባህላዊ መንገድ ስለሚሠራ ውስጡ የቅርፊት ቅንጣት አይጠፋምና ማጥለል ያስፈልጋል። ለኮኮናቱ 300 ሚሊ ሊትር ወተት ከሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር ለብ አድርገው ያቀዝቅዙ። ጨውን «ለጣፋጭ ምን ያደርጋል?» ብለው የሚዘሉ አሉ፤ ያለ ጨው ኮኮናቱ አፍ ላይ ዘይት ዘይት ይላል፣ ሽሮፑም ጣፋጭ ከመሆን አያልፍም። ሲያቀርቡ ስኒውን ሳህን ላይ ገልብጠው መጀመሪያ ኮኮናቱን፣ ከላይ ሽሮፑን ያፍስሱ።

ገበያ ላይ ሳጎ ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው በእርግጥ ከካሳቫ የሚወጣ ታፒዮካ ነው። እውነተኛው ሳጎ ከሳጎ ዘንባባ ግንድ የሚወጣ ስታርች ሲሆን በማሌዥያ በተለይ ሳራዋክ ውስጥ ሙካህ በሚባለው አካባቢ ይመረታል። ለዚህ ሥራ ሁለቱም እኩል ያገለግላሉ። ለሻይ መጠጥ የሚሆነውን ትልልቁንና ጥቁሩን ፍሬ ግን አይግዙ።

ካሪው ራሱ በኮኮናት ወተት የተሠራ ከሆነስ?

ዋናው ጥያቄ ይኸ ነው፤ ምርጫው የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ስለ ጣፋጩ ከማሰብዎ በፊት ስለ ካሪው ድስት ያስቡ፤ ስንት ጣሳ የኮኮናት ወተት ገባበት? ያልቀጠነ ባለ 400 ሚሊ ሊትር ጣሳ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 80 ግራም ቅባት ይይዛል። ሁለት ጣሳ የፈሰሰበትን የዶሮ ካሪ የበላ ሰው ፊት ደግሞ ሌላ ሁለት ጣሳ የገባበት ቡቡር ቻቻ ቢያስቀምጡለት፣ በትህትና ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ይተወዋል። ጥፋቱ የጣፋጩ አይደለም።

ስለዚህ በኮኮናት ከበለጸገ ካሪ በኋላ ቀላልና ቀዝቃዛ ነገር ይምረጡ። ከነዚህ ካሪዎች መካከል ኮኮናቱ እስኪደርቅና ዘይቱ እስኪወጣ የሚበስለው ሬንዳንግ፣ በነግሪ ሰምቢላን ግዛት የሚታወቀው በእርድ ቢጫ የሆነው ማሳክ ለማክ ቺሊ አፒ፣ የተለመደው የማላይ የዶሮ ካሪም አሉ። የሚስማማቸው ከባሕር አረም የሚሠራው አጋር አጋር ጄሊ፣ ወተቱ የተቀነሰ አይስ ካቻንግ፣ ወይም በቀጭኑ የተከተፈ አናናስ ላይ የፈሰሰ የጉላ መላካ ሽሮፕ ነው። አናናሱ ላይ ሎሚ ቢጨምቁበት የበለጠ ይጥማል። ሳጎ ጉላ መላካም ይሆናል፤ ብቻ ኮኮናቱ በሰው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይብቃ።

ካሪው ኮኮናት የሌለበት ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። በመላካና በጆሆር ታዋቂ የሆነው፣ በተምር ሂንዲ የሚኮመጥጠው የዓሣ አሳም ፔዳስ፣ በቲማቲም ወይም በእርጎ የተሠሩት የሕንድ ካሪዎችም ከኋላቸው ወፍራምና ለስላሳ ነገር ይፈልጋሉ። እዚህ ላይ ቡቡር ቻቻን፣ ፑሉት ሂታም የተባለውን የጥቁር ሩዝ ቡቡርና ሴሪ ሙካን ሳይሰስቱ ያቅርቡ። አንድ ነገር ብቻ ያስታውሱ፦ ካሪው በብዙ ሩዝ ከተበላ ከአጣባቂ ሩዝ የተሠራ ጣፋጭ ይከብዳል፤ ሮቲ በሚባለው ቂጣ ከተበላ ግን ችግር የለውም።

ካሪው በጣም ካቃጠለ የትኛው ጣፋጭ ያበርዳል?

የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በቅባት እንጂ በውሃ አይሟሟም። ውሃ ጠጥተው «ባሰብኝ» የሚሉትም ለዚህ ነው፤ ውሃው ሲዋጥ ካፕሳይሲኑ ምላስ ላይ ቀርቷል። የላም ወተት በደንብ የሚያበርደው ካዚን የተባለው ፕሮቲኑ ካፕሳይሲንን ስለሚይዘው ነው። የኮኮናት ወተት ካዚን የለውም፤ ቅባት ግን አለው፤ ስለዚህ ከላም ወተት ቢያንስም ከውሃ እጅግ ይሻላል። ስኳርም ቅዝቃዜም ስሜቱን ያደነዝዛሉ።

ሦስቱን፣ ማለትም ቅባቱን፣ ስኳሩንና በረዶውን፣ በአንድ ሳህን የሚያመጣው ቼንዶል ነው። በፓንዳን አረንጓዴ የሆኑ የሩዝ ዱቄት ጄሊዎች፣ የተፈጨ በረዶ፣ የኮኮናት ወተትና ጉላ መላካ፤ አንዳንዴ ቀይ ቦሎቄ ይጨመርበታል። ትኩስ ጣፋጭ ግን በዚህ ጊዜ አይሞከርም። ካፕሳይሲን የሚነካው የነርቭ መቀበያ ሙቀትን የሚለየው ራሱ ስለሆነ ትኩስ ቡቡር እንደገና እሳቱን ይቆሰቁሰዋል። በቅመም ድልህ የሚቀርበው ሮጃክ የተባለው የፍራፍሬ ድብልቅም ለሌላ ቀን ይቆየን።

ቼንዶልን ቤት መሥራት ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን አድካሚ ነው። ትኩሱን ሊጥ በተበሳ ጭልፋ እየተጫኑ በረዶ ውሃ ላይ ማንጠባጠብ አለብዎ፤ እንግዳ በመጣበት ቀን የሚጀመር ሥራ አይደለም። የእስያ ሸቀጥ ቤት አጠገብ የሚኖር ሰው ተዘጋጅቶ የታሸገውን ይግዛ። ያላገኘ የበሰለ ሳጎ በቦታው ይጠቀም፤ አፍ ላይ ያለው ስሜት ቢለይም ጣዕሙ አይርቅም። በረዶውን ከፈላ ወይም ከታሸገ ውሃ ይሥሩ፣ በብሌንደርም ይፍጩት፤ የምግብ መመረዝን ከካሪው ጋር ማቅረብ አያሻም።

በብርድ ጊዜስ ትኩስ ጣፋጭ የለም?

ሞልቷል። በክረምት አዲስ አበባ ውስጥ በረዶ ፈጭቶ ማቅረብ እንግዳን መቅጣት ነው። ለእንዲህ ያለው ምሽት ሁለቱን እንመክራለን። የመጀመሪያው ቡቡር ቻቻ ነው፤ ስኳር ድንችና ጎደሬ በትንንሹ ተቆርጠው በእንፋሎት ይበስሉና ከሳጎ ጋር በጣፈጠ የኮኮናት ወተት ውስጥ ይገባሉ። ሁለቱም ሥራሥሮች እኛ ገበያ ውስጥ አሉ፤ ብርቱካናማ ሥጋ ያለው ስኳር ድንች ካገኙ መልኩ ያምራል። ጎደሬውን ሲልጡ እጅ ስለሚያሳክክ ጓንት ያድርጉ፣ ሳይበስልም አይቅመሱት።

ሁለተኛው ቡቡር ፑሉት ሂታም፣ ማለትም የጥቁር አጣባቂ ሩዝ ቡቡር ነው። ሩዙ ሌሊቱን ይዘፈዘፋል፤ ለ200 ግራም ሩዝ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ውሃ ተደርጎ እስኪፈነዳ አንድ ሰዓት ገደማ ይበስላል፤ ስኳሩ የሚገባው ሩዙ ከለሰለሰ በኋላ ነው። ቀድሞ ከገባ ፍሬው እንደ ደነደነ ይቀራል። ሐምራዊ ጥቁር በሆነው ሳህን ላይ ጨው ያለው ነጭ የኮኮናት ክሬም ሲፈስበት ከዚህ ገጽ ጣፋጮች ሁሉ ለዓይን የሚያምረው እሱ ነው።

ሦስተኛ ካስፈለገ ፔንጋት ፒሳንግ አለ። የበሰለ ሙዝ በኮኮናት ወተትና በጉላ መላካ ለጥቂት ደቂቃ ቀቅሎ ማቅረብ ብቻ ነው። ከአርባ ምንጭ የመጣ ሙዝ ለዚህ ያማረ ነው፤ ቆዳው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የጀመረውን ግን ያልፈረሰውን ይምረጡ።

ጉላ መላካ ካላገኘሁስ?

ጉላ መላካ የሚሠራው ከኮኮናት ዛፍ የአበባ እንቡጥ ከሚንጠባጠበው ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ ለሰዓታት ተፍልቶ ሲወፍር በቀርከሃ ቱቦ ውስጥ ይፈስና ይረጋል፤ ድቡልቡል ረጅም ቅርጹ የመጣው ከዚያ ነው። ጭስ ጭስና ካራሜል ካራሜል ይላል። ብዙ የገበያ ምርት ከሸንኮራ ስኳር ጋር ስለሚቀላቀል ማሸጊያው ላይ ያለውን ዝርዝር ማንበብ ይጠቅማል።

በአሜሪካና በአውሮፓ የእስያ ሸቀጥ ቤቶች ይሸጡታል። የኢንዶኔዥያው ጉላ ጃዋ ወንድሙ ነውና ያለ ሐሳብ ይተኩት። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በየሱፐርማርኬቱ ያለው የሕንድ ጃገሪ ከሸንኮራ የሚሠራ ቢሆንም ከነጭ ስኳር በብዙ ይሻላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆኑ 150 ግራም ቡናማ ስኳር ይውሰዱ፤ ሌላ 50 ግራም ስኳር ደግሞ በደረቅ ድስት ጠቆር እስኪል አቅልጠው 100 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ቀስ ብለው ይጨምሩበት። ውሃው ሲነካው ስለሚረጭ ራቅ ብለው ይቁሙ። ሁለቱን አዋሕደው ትንሽ ጨው ጣል ያድርጉበት። ማር አይተካውም፤ የራሱ ጠረን ስላለው ኮኮናቱን ይጫነዋል።

ፓንዳንስ?

በማቀዝቀዣ የተቀመጠው ቅጠል በእስያ ሸቀጥ ቤቶች አለ። በጠርሙስ ያለው አረንጓዴ ፈሳሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጣዕሙ ቀለሙ ይበልጣል። ሁለቱም ከሌሉ ይተዉት። ቫኒላ የሚጨምሩ አሉ፤ ጥሩ ጣዕም ይሰጣል፣ የፓንዳን ጣዕም ግን አይደለም።

ለጾም ይሆናል?

ከውጭ አገር ጣፋጮች መካከል ለኛ ጾም የዚህን ያህል የሚመች ማግኘት ይከብዳል። ሳጎ ጉላ መላካ፣ ቼንዶል፣ ቡቡር ቻቻ፣ ፑሉት ሂታም፣ ፔንጋት ፒሳንግ፣ ኦንዴ ኦንዴና በየንብርብሩ ቀለም የሚለዋውጠው ኩዌ ላፒስ እንቁላልም ወተትም ቅቤም የላቸውም። በሽምብራ ወይም በድንች ካሪ ላይ ከነዚህ አንዱን ቢጨምሩ ሙሉ የጾም ግብዣ ነው።

የሚጠነቀቁባቸው አሉ። የሴሪ ሙካ አረንጓዴ ክፍል በእንቁላል ይረጋል፤ ፑትሪ አዩና ባሁሉ የተባሉት ኬኮችም እንቁላል አላቸው፤ አይስ ካቻንግ ላይ የጣሳ ወተት ይፈስበታል። ሌላው ብዙ ሰው የማያየው የኮኮናት ወተት ዱቄት ነው፤ ብዙዎቹ እንዲሟሙ ተብሎ ከላም ወተት የሚወጣ ካዚን ተጨምሮባቸዋል። ማሸጊያውን ያንብቡ፣ ወይም የጣሳውን ይግዙ።

ይኸው ነገር እስራኤል ላሉ አንባቢዎችም ይጠቅማል፤ ከሥጋ ካሪ በኋላ ወተት ለማይበላበት ማዕድ የኮኮናት ጣፋጭ የተመቸ ነው፣ የኮሸር ምልክቱን ማየት እንዳለ ሆኖ። ሙስሊም እንግዳ ካለ ጄሊውን በጀላቲን ሳይሆን በአጋር አጋር ይሥሩ። ታፓይ የተባለው የቦካ ሩዝ ወይም ካሳቫ በመብላላት አልኮል ስለሚያበጅ ሳይነግሩ አያቅርቡት።

ስንዴ የማይስማማው ወይም ስኳር ያለበት እንግዳ ቢኖርስ?

ስንዴ ለማይስማማው ሰው ምርጫው ሰፊ ነው፤ ሩዝ፣ አጣባቂ ሩዝ፣ ሳጎና ታፒዮካ ግሉተን የለባቸውም። የተጠበሰው ሙዝ፣ ፒሳንግ ጎሬንግ፣ እና ተጠቅልሎ የሚበላው ኩዌ ዳዳር ግን ብዙ ጊዜ በስንዴ ሊጥ ስለሚሠሩ ይቅሩ።

ስለ ስኳር ሕመም ግን ራስን መደለል አያስፈልግም። የዘንባባ ስኳር «ተፈጥሯዊ ነው» እየተባለ ይሞገሳል፤ አብዛኛው ይዘቱ ያው እንደ ነጩ ስኳር ሱክሮስ ነው፣ ሳጎውም ንጹሕ ስታርች ነው። ለእንዲህ ያለ እንግዳ ፓፓያ ወይም ጓቫ (ዘይቱን) በመጠኑ ማቅረብ ክብር መንሳት አይደለም። ከላይ እንዳልነው ማሌዥያውያንም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ከአንድ ቀን በፊት ሠርቼ ማቆየት እችላለሁ?

እንደ ጣፋጩ ነው። ሽሮፑ በጠርሙስ ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ያለ ችግር ይቆያል። አጋር አጋር በማግስቱም ያው ነው፤ አንዴ ከረጋ እስከ 85 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለማይቀልጥ በሙቀትም አይፈርስም። ፑሉት ሂታምና ቡቡር ቻቻ በማግስቱ ይወፍራሉ እንጂ አይበላሹም፤ ሲያሞቁ ውሃ ጠብ ያድርጉባቸው።

ኩዌ ግን አይታገስም። የሩዝ ስታርች ፍሪጅ ውስጥ ሲገባ ይደርቃል፤ ትናንት ለስላሳ የነበረው ኦንዴ ኦንዴ ዛሬ ድድ ይፈትናል። ውጭ እንዳይተዉት ደግሞ በላዩ ላይ ያለው ትኩስ የኮኮናት ፍቅፋቂ በሙቀት በሰዓታት ውስጥ ይኮመጥጣል። ፍቅፋቂውን ከጨው ጋር ጥቂት ደቂቃ በእንፋሎት ማብሰል ጊዜ ያስገኛል፤ ቢሆንም ኩዌ በተሠራበት ቀን ይበላ። የተረፈ ሴሪ ሙካ ካለ አምስት ደቂቃ እንፋሎት ላይ ቢያስቀምጡት ይለሰልሳል።

የኮኮናት ወተቱ ለምን ተቆራርጦ ዘይት አወጣብኝ?

በኃይል ስለፈላ ነው። ለሬንዳንግ ዘይቱ እንዲወጣ ይፈለጋል፤ ለጣፋጭ ግን ያስቀይማል። እሳቱን ዝቅ አድርገው፣ ሳይከድኑ፣ በአንድ አቅጣጫም ይሁን በሁለት እያማሰሉ፣ ጠርዙ ላይ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ያውጡት። ጥሬ ኮኮናት ፈቅፍቀው የሚጨምቁ ማላዮች የሚያደርጉት ብልኃት አለ፦ በሁለተኛው ዙር የተጨመቀው ቀጭን ወተት ድስት ውስጥ ገብቶ ይፈላል፤ የመጀመሪያው ወፍራሙ ወተት መጨረሻ ላይ ብቻ ይጨመራል። በጣሳም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል፤ ግማሹን በውሃ አቅጥነው ያብስሉበት፣ ቀሪውን ሲያወጡት ያፍስሱ።

አንዴ ከተቆራረጠ? ከመቅረቡ በፊት ብሌንደር ውስጥ አንድ ደቂቃ ያዙሩት። ብዙውን ጊዜ ይመለሳል።

ዱሪያን የተባለውን ፍሬ ላቅርብ?

እንግዶችዎ ከዚህ በፊት ካልበሉት፣ አይቅረብ። ዱሪያን በኮኮናት ወተት፣ ከአጣባቂ ሩዝ ጋር፣ ለሚወዱት ሰዎች ገነት ነው፤ ሽታው ግን ቤቱን ይወርሳል፣ በማሌዥያና በሲንጋፖር ብዙ ሆቴሎችና ባቡሮች ውስጥ የተከለከለውም ለዚህ ነው። ከቅመም ካሪ ቀጥሎ ደግሞ እጅግ ከባድ ነው።

ሃያ ሠላሳ ሰው ከሆነስ?

ሳህንና ማንኪያ የሚጠይቀውን ይርሱትና በእጅ የሚበላ ያድርጉ። አጋር አጋር በትሪ ይሠራል፦ ለአንድ ሊትር ፈሳሽ 10 ግራም ያህል ዱቄት። ግማሹን ከጉላ መላካ ጋር አፍልተው ትሪ ላይ ያፍስሱ፤ ላዩ ረግቶ ውስጡ ገና ለብ እያለ በኮኮናት ወተትና ጨው የተሠራውን ሌላውን ግማሽ ያክሉበት። የመጀመሪያው ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ከጠበቁ ሁለቱ ንብርብሮች አይጣበቁም፤ ሲቆርጡት ይለያያሉ። ማላዮች ኩዌን የሙዝ ቅጠል ላይ ነው የሚደረድሩት፤ የሙዝ ቅጠል ካጡ ለድፎ ዳቦ የሚሆነው ኮባ ሥራውን ይሠራል። እሳት ላይ ለብ አድርገው ካለዘቡት በኋላ ቢቆርጡት አይቀደድም።

ቡና ይሄዳል ወይስ ሻይ?

ማሌዥያ ውስጥ በአረፋ የሚቀዳው ቴህ ታሪክ ይወደዳል፤ ነገር ግን በጣሳ ወተት የተሞላ ጣፋጭ ሻይ ከጣፋጭ ጋር ሲደራረብ ይበዛል ብለን እናምናለን። የእኛ ቡና፣ ያለ ስኳር፣ ከጉላ መላካ ጋር እጅግ ይስማማል፤ ምሬቱ የስኳሩን ጭስ ያወጣዋል። ጣፋጩ ተበልቶ ሲያበቃ ሳይሆን ሳህኑ ገና ሰው እጅ ላይ እያለ አቦሉ ቢደርስ ይመረጣል። ቀዝቃዛ የሚፈልግ ካለ ውሃና ሎሚ።

ካሪው የኛ ዶሮ ወጥ ቢሆንስ?

ይኸ ጥያቄ በተለይ ውጭ አገር ካሉ፣ የተቀላቀለ እንግዳ ከሚጋብዙ ሰዎች ይመጣል። ዶሮ ወጥ ኮኮናት የለውም፤ በዚህ ስሌት ወፍራሙ ቡቡር ቻቻ ይገባዋል የሚል ሊኖር ይችላል። ግን ንጥር ቅቤውን አይርሱ። ቅባቱ ከሌላ ምንጭ መጣ እንጂ መጠኑ አልቀነሰም፤ እንቁላሉም እንጀራውም አለ። ስለዚህ እንደ ሬንዳንግ ቆጥረው ቀላሉን ይምረጡ፦ አናናስ በጉላ መላካና በሎሚ፣ ወይም አጋር አጋር በትንንሹ።

እንጀራው ኮምጣጣ መሆኑም ይቆጠራል። ከኮምጣጣ ቀጥሎ የሚመጣ ጣፋጭ ከወትሮው ይልቅ ይጣፍጣልና የሽሮፑን ስኳር በሩብ ይቀንሱ። በጾም ቀን ሽሮና ምስር ወጥ ከሆነ ግን ቅባቱ ቀላል ስለሆነ ፑሉት ሂታምን ከነሙሉ ኮኮናቱ ያቅርቡ፤ ለአንድ ሰው ከግማሽ ኩባያ አይብለጥ፣ የፈለገ ይደግማል።